ለጥያቄ የተጠራ ሠራተኛ ከመቅረቡ በፊት



በአንድ ቤተሰብ ላይ ድንገት ከሚደርሱት ጭንቀቶች አንዱ፣ የቤቱን እንጀራ የሚያመጣው ሰው የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ የሚገባበት ምሽት ነው። ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ይኸውም ፈጽሞታል ስለ ተባለው ጥፋት ነገሩን ለማጣራት በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ የሚያዝዝ ነው። በከተማው ዳር በካራ ለሚኖር ቤተሰብ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ቀላል ነገር አይደለም። ሠራተኛው የእንጦጦ ብርድ ገና ሳይለቅ ማለዳ ተነሥቶ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ በኮተቤ በኩል ወደ መገናኛ የሚወርደው ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ትምህርትና ለአስቤዛ ሲል ነው። ደመወዙ የተቋረጠ እንደ ሆነ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ ሳይወሰን በማዕዱ ዙሪያ ለሚቀመጡት ሁሉ ይተርፋል።

በእንደዚህ ያለው ምሽት በቤት ውስጥ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ «ይቅርታ በልና ውጣ፤ ለልጆችህ ስትል ዝቅ በል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ምን አድርገሃልና! ግባና ልካቸውን ንገራቸው» የሚል ነው። ሁለቱም ምክሮች ከፍቅር የሚመነጩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ሰውየውን የባሰ ሊጎዱት ይችላሉ። ለጥያቄ የተጠራ ሰው የሚያስፈልገው ልመናም ቁጣም አይደለም፤ የሠራውን ሳያሳንስ፣ ያልሠራውንም በራሱ ላይ ሳይጨምር፣ በማስረጃ ተደግፎ ለመናገር መዘጋጀት ነው እንጂ። በዚህ ወር ልናስረዳ ያሰብነውም ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ማጣራት ማለት መፍረድ ማለት አለመሆኑን ነው። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይሟገቱ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ነገሩም የሚጠራው በጥያቄና በመልስ ነበር። በሶስና ታሪክም ነቢዩ ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻቸው አድርጎ፣ ድርጊቱን ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩ በጠየቃቸው ጊዜ መልሳቸው ስለ ተለያየ ሐሰታቸው ተገለጠ። ለእውነቱ መውጫ የሆነው ስለ ቦታ የቀረበ አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር። ዛሬም በመሥሪያ ቤት በሚደረገው ማጣራት ነገር የሚጸናውም የሚፈርሰውም በቀን፣ በሰዓት፣ በቦታና በቁጥር ነው።

ሠራተኛው ሳይሰማ እንዳይሰናበት የሚለው ሐሳብ የልመና ጉዳይ ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነው። ይህ ድርጅት በ1974 ዓ.ም. ያወጣው ቁጥር 158 የሆነው ስምምነት፣ አሠሪው ይህን ዕድል ሊሰጥ የማይችልበት በቂ ሁኔታ ከሌለ በቀር፣ ሠራተኛው በጠባዩ ወይም በሥራ ውጤቱ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ነገር መልስ እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠው ይላል። አገራችን ይህን ስምምነት በ1983 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደ ሆኑ ይደነግጋል።

የአገር ውስጡን ሕግ የተመለከትን እንደ ሆነ፣ በ1956 ዓ.ም. ከወጣው ቁጥር 210 አዋጅ ወዲህ ሕጉ በ1968፣ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. እየታደሰ መጥቶ፣ ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ የማጣራቱ ስብሰባ እንዴት እንደሚካሄድ በዝርዝር አላስቀመጠም። ማን ሰብሳቢ እንደሚሆን፣ መልስ በስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ይገኝ እንደ ሆነ የሚታወቀው በኅብረት ስምምነቱ ወይም በድርጅቱ የሥራ ደንብ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ግን የሚተዳደረው በሌላ አዋጅና በራሱ የዲሲፕሊን ሥነ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውን የቀን ቁጥሮች ለራሱ ጉዳይ እንዳሉ ሊወስዳቸው አይገባም። በድርጅት ውስጥ የሥራ መሪ የሆነ ሰውም እንደዚሁ ከአዋጁ ውጭ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደር ይወቅ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። ደብዳቤው በደረሰ ምሽት ሠራተኛው ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር፣ ልቡ ከተረጋጋ በኋላ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው። ጥፋቱ ምንድን ነው ተባለ? መቼ ተፈጸመ ተባለ? የትኛው የደንቡ አንቀጽ ተጣሰ ተባለ? ደብዳቤው «ያልተገባ ተግባር በመፈጸምህ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ መልስ ለመስጠት አይቻልም፤ ምክንያቱም ሰው ያልተነገረውን ነገር ሊያስተባብል አይችልም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ድርጊቱ፣ ቀኑና ማስረጃው እንዲገለጽለት በአክብሮት በጽሑፍ ይጠይቅ። ጥያቄውንም በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቶ፣ በቀሪው ቅጂ ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርሞና ማኅተም አስመትቶ በቤቱ ያስቀምጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር የድርጅቱን የሥራ ደንብና የኅብረት ስምምነቱን ፈልጎ ማንበብ ነው። ብዙ ሠራተኛ በተቀጠረበት ቀን ፈርሞ ከተቀበለው ወዲህ ገልጦት አያውቅም። ደንቡን ሲያነብ ከአዋጁ ጋር ያስተያየው። አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቁትን ጥፋቶች በአንቀጽ 27 ዘርዝሯል። ከእነርሱም መካከል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ጊዜ ውስጥ 8 ጊዜ በማርፈድ፣ እንዲሁም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን ከሥራ መቅረት ይገኛሉ። እንግዲህ ማለዳ በካራ የታክሲ ሰልፍ የሚዘገይ ሰው የተከሰሰው በማርፈድ ከሆነ፣ «ሁልጊዜ ታርፍዳለህ» ለሚለው ነቀፋ መልሱ ቁጣ አይደለም፤ ስንት ጊዜ፣ በየትኞቹ ቀኖች፣ ማስጠንቀቂያው በየትኛው ቀን በጽሑፍ ተሰጠ ብሎ መቁጠር ነው። መንገዱ የተዘጋበት ወይም ልጁ የታመመበት ቀን ቢኖር፣ በዚያው ቀን ለአለቃው የላከው የስልክ መልእክትና የጤና ጣቢያው ወረቀት ይገኙ እንደ ሆነ ይፈልግ።

በዚሁ አንቀጽ ሌሎች ሁለት የጊዜ ልኮች አሉ። አሠሪው ለማሰናበት ምክንያት የሚሆነውን ነገር ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በኋላ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሠራተኛው ከሥራ ታግዶ እንዲቆይ የኅብረት ስምምነቱ የሚፈቅድ ቢሆን እንኳ፣ እገዳው ከ30 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ድርጊቱ የታወቀበትን፣ እገዳው የተጀመረበትንና ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሥራ የነገሩን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቀን ተራ መጻፍ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ ጽሑፉ ነገሩ ከተነሣበት ቀን ይጀምር። በዐይን የታየው ከተሰማው ይለይ፤ የተረጋገጠው ከተገመተው ይለይ። «እገሌ ጠልቶኝ ነው» የሚለው ግምት ነው፤ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ቁልፉን ለእገሌ ሰጠሁ» የሚለው ግን ሊጣራ የሚችል ቃል ነው። ኮሚቴው መመርመር የሚችለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጽ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአንድ ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠራ ሰው የዓመት ፈቃድ ወስዶ ለ2 ሳምንት ቤቱ ተቀመጠ እንበል። ሲሄድ አለቃው «ቁልፉን ለባልደረባህ ስጠው» ስላለው ሰጠ፤ ነገር ግን ሁለቱ ዕቃ ቆጥረው የርክክብ ወረቀት አልተፈራረሙም። በሰኔ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ 20 ከረጢት ሲሚንቶ ጎድሎ ተገኘ፤ ሰውየውም ንብረት በማጉደል ለጥያቄ ተጠራ። በቤቱ የሚመክሩት ዘመዶች «ይቅርታ ጠይቅ፣ ሽማግሌም እንልካለን» አሉት። እርሱም ከድንጋጤው የተነሣ «ለደረሰው ጉድለት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» ብሎ ጽፎ ሰጠ እንበል።

ይህ ሰው ምን እንዳደረገ እናስተውል። እርሱ በልቡ ያሰበው ትሕትናን ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። «ሁለተኛ አይለመደኝም» ያለ ሰው አንደኛውን አድርጌዋለሁ እንዳለ ይቆጠርበታል። ያ ወረቀት በማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰ እንደ ሆነም የእምነት ቃሉ ነው ተብሎ ይቀርብበታል። በፍርድ ቤት ፊት ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የአሠሪው ሆኖ ሳለ፣ ሰውየው በገዛ እጁ ሸክሙን አቅልሎለታል ማለት ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? ሁሉን መካድም ትክክል አይደለም። ይህ ሰው በእርግጥ አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ያለ ርክክብ ቁልፍ ማስረከቡ ነው። ይህን ቢሸሽግ፣ ከተገለጠበት በኋላ የቀረውን እውነት እንኳ የሚያምነው አያገኝም። ስለዚህ ሊጽፈው የሚገባው እንዲህ ያለ ነው፤ «በአለቃዬ ትእዛዝ ቁልፉን ለባልደረባዬ የሰጠሁት በዚህ ቀን ነው። የርክክብ ወረቀት ሳንፈራረም መስጠቴ የእኔ ጉድለት ስለ ሆነ ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሲሚንቶውን ግን አልወሰድሁም፤ ለሌላ ሰውም አልሰጠሁም። ፈቃድ ከመውጣቴ በፊት የነበረው መጠን በቢን ካርዱ ላይ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የገባው በሞዴል 19፣ የወጣውም በሞዴል 22 ተመሳክሮ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።»

በዚህ አጻጻፍ ውስጥ ይቅርታም አለ፣ ክህደትም አለ፤ ሁለቱም ግን በየልካቸው ተቀምጠዋል። ልዩነቱም የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሕጉ ራሱ ጥፋቶችን ይለያል፤ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ያልተገባ ብልጽግና ለማስገኘት ብሎ የአሠሪውን ንብረት ያለ አግባብ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ ሆነ ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ ሌላ ነገር ነው፤ ቀላል የሥራ ጉድለት ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ነው። ባልሠሩት ነገር ይቅርታ መጠየቅ ትሕትና መስሎ ቢታይም፣ በራስ ላይ የሚሰጥ የሐሰት ምስክርነት ነው። በዚያም ላይ ዕቃውን በእርግጥ የወሰደው ሰው ሳይጠየቅ እንዲቀር ያደርጋል።

ሽማግሌ መላክም ክፉ ልማድ አይደለም፤ ቅያሜን ያበርዳል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ከማጣራቱ በፊት ሄደው «ልጃችን አጥፍቷልና ማሩልን» ያሉ እንደ ሆነ፣ እርሱ ሳይጠየቅ እነርሱ አመኑለት ማለት ነው። ስለዚህ ሽማግሌ የሚላክ ቢሆን እንኳ ምን እንደሚናገር አስቀድሞ ይመከር።

ነገሩ የስርቆት ወይም የማጭበርበር ክስ ከሆነ ደግሞ ወደ ፖሊስ ሊሄድ ስለሚችል፣ ሠራተኛው በኮሚቴው ፊት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ሕግ አዋቂ ማማከር ይገባዋል። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅትም የማኅበሩን ተወካይ አስቀድሞ ማነጋገርና ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ አብሮት እንዲገኝ መጠየቅ ይጠቅማል። ምስክሮችን በሚመለከት፣ ስማቸውንና ምን እንዳዩ በጽሑፍ ለኮሚቴው አቅርቦ እንዲጠየቁለት ማመልከት መብቱ ነው፤ ምን እንደሚሉ ማስጠናት ግን በፍጹም አይገባም። በእጁ የሌለውን የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ በስውር ማውጣትም አዲስ ጥፋት መጨመር ነው። ሰነዱ የሚገኝበትን ቦታና ቁጥር ጠቅሶ ኮሚቴው እንዲያስቀርበው መጠየቅ ይበቃዋል።

ቀኑ በደረሰ ጊዜ ከካራ የሚነሣ ሰው ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይውጣ፤ በማርፈድ የተከሰሰ ሰው በዚያ ቀን ያረፈደ እንደ ሆነ ከእርሱ በላይ የሚመሰክርበት አይገኝምና። ልብሱ ንጹሕ፣ ወረቀቶቹም በቀን ተራ የተደረደሩ ይሁኑ። በስብሰባው ላይ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ለተጠየቀው ብቻ በአጭሩ ይመልስ። ያልገባው ጥያቄ ቢኖር እንዲደገምለት ይጠይቅ። የማያስታውሰውንም «አላስታውስም፤ መዝገቡ ይታይልኝ» ይበል። ተቆጥቶ የሚናገር ሰው ስለ አንዱ ነገር ተጠርቶ በሌላ ነገር ይወጣል፤ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሣትም እንደ ክብደቱ ራሱን የቻለ የመሰናበቻ ምክንያት መሆኑን አይርሳ። በአነጋገር ይፈረዳል፣ በአያያዝ ይቀደዳል የሚለው አባባል ለዚህ ስፍራ የተገባ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በስብሰባው ፍጻሜ ነው። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አቅርቦ «ፈርም» ሲል፣ ሠራተኛው ደክሞታል፣ ቶሎ መውጣትም ይፈልጋል። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ በኋላ የሚነበበው ያ ወረቀት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ያንብብ። ያላለው ነገር ተጽፎ፣ ያለውም ነገር ተዘልሎ ቢያገኝ እንዲታረም ይጠይቅ። አይታረምም የተባለ እንደ ሆነ፣ የማይስማማበትን ቃል በገዛ እጅ ጽሕፈቱ ከፊርማው አጠገብ አስፍሮ ይፈርም፤ ቅጂም ይጠይቅ። በባዶ ወረቀት ወይም ክፍት ቦታ በቀረበት ገጽ ላይ ግን ፈጽሞ አይፈርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ቢያሰናብተው፣ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ በቤቱ ያስቀምጥ፤ ወደ ፊት የሚቆጠርበት ሊሆን ይችላልና። ስንብት የተወሰነበት እንደ ሆነ ደግሞ ምክንያቱና ቀኑ የተገለጸበት የጽሑፍ ደብዳቤ እንዲሰጠው አዋጁ ያዝዛል። ስንብቱ ያለ አግባብ ነው የሚል ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበውን ክስ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ማቅረብ ይገባዋል። ጊዜው ያለፈ እንደ ሆነ እውነት ቢኖረውም ይህን ጥያቄ የሚሰማው አያገኝም። «ይመልሱኛል» እያለ በተስፋ ደጅ ሲጠና ሦስቱ ወር የሚያልቅበት ሰው ብዙ ነው። የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃም እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ሌላ ሥራ ለመፈለግ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻም ለቤተሰቡ የምንለው አለን። ሚስት ወይም ባል፣ እናት ወይም ታላቅ ወንድም በዚህ ጊዜ ከፍ ያለ እርዳታ ሊሰጡ ይችላሉ። በጎረቤት ቡና ላይ ነገሩን ባለማንሣት፣ ወረቀቶቹን ከልጆች እጅ አርቆ በአንድ ቦታ በማስቀመጥ፣ የተጻፈውን መልስ ከመሰጠቱ በፊት በጽሞና አንብቦ «ይህን በእርግጥ አድርገሃል? ይህንስ በዐይንህ አይተሃል?» ብሎ በመጠየቅ ሊያግዙት ይችላሉ። በቤቱ በፍቅር የተጠየቀ ሰው በኮሚቴ ፊት ሲጠየቅ አይደነግጥም። ያጠፋ እንደ ሆነም ጥፋቱን በልኩ እንዲያምን ያበረታቱት፤ ልጆች ከአባታቸውና ከእናታቸው የሚማሩት ከደመወዙ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ጭምር ነውና። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሁን እንጂ እውነቱ የሚጠራው በጽሑፍ ተይዞ፣ በቀኑ ተቆጥሮና በጊዜው ቀርቦ ሲገኝ መሆኑን ማንኛውም ሠራተኛ ሊዘነጋው አይገባም።